ሣሩና ማስረጃው ሳይጎዱ ሳንቲም ከመሬት የሚወጣበት አሠራር

ከአዲስ አበባ ወደ ጅማ በሚወስደው መንገድ ከሰበታ አለፍ ብላ በምትገኘው ተፍኪ ዙሪያ ያለው ሜዳ በክረምት ውኃ የሚተኛበት ጥቁር አፈር ነው። ይህ አፈር ሲርስ የሚያብጥ፣ በበጋ ሲደርቅ በጥልቀት የሚሰነጠቅ በመሆኑ ከእጅ የወደቀ ሳንቲም በስንጥቁ ገብቶ ሊቀበር፣ አፈሩ ሲገላበጥም ወደ ላይ ሊመለስ ይችላል። ስለሆነም ጥልቀቱ ብቻውን የሳንቲሙን ዕድሜ አይናገርም።

የብረታ ብረት ጠቋሚ መሣሪያ በጥቅል ሽቦው አማካይነት ተለዋዋጭ መግነጢሳዊ መስክ ወደ መሬት ሲልክ በሳንቲሙ ላይ የኤሌክትሪክ ጅረት ይፈጠራል፤ መሣሪያውም ይህንኑ በድምፅ ያሳውቃል። መሣሪያው ከግራ ወደ ቀኝ፣ ቀጥሎም ከፊት ወደ ኋላ ሲንቀሳቀስ ድምፁ የሚበረታባቸው ሁለቱ መስመሮች የሚገናኙበት ነጥብ የሳንቲሙ ቦታ ነው። ከመሬት ወለል ጥቂት ሣንቲ ሜትር ብቻ ዝቅ ያለው ሳንቲም ጫፉ በደነዘዘ ካቻቢቴ በቀስታ ከተፈለገ በኋላ ሣሩ በጠባቡ ተከፍቶ ከሥር ይወጣል። ጠለቅ ያለ ከሆነ ሣሩ ከነሥሩ በሦስት ጎን ብቻ ይቆረጥና በአራተኛው ጎን እንደተያያዘ እንደ ክዳን ይገለበጣል። አፈሩ በከረጢት ላይ ተከምሮ ወደ ጉድጓዱ ይመለሳል፤ ክዳኑም በእግር ይጠቀጠቃል። በደረቅ በጋ የተቆረጠ ሣር ግን መልሶ አይያዝም፤ ለግጦሽ መሬት ይህ ቀላል ጉዳት አይደለም።

ዋናው ጉዳይ ግን ፈቃዱ ነው። በ1992 ዓ.ም የወጣው የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209 ያለ ፈቃድ ቅርስ መፈለግን ከልክሏል። በግንባታ፣ በመንገድ ሥራ ወይም በሌላ አጋጣሚ ቅርስ ያገኘ ሰው ወዲያውኑ እንዲያሳውቅና እስኪረከቡት ጠብቆ እንዲያቆይ ያስገድዳል፤ ላስረከበውም ተገቢው ሽልማት እንዲሰጠው ደንግጓል።

ማርያ ቴሬዛ ብር ከታተመ ከብዙ ዘመን በኋላም 1780 የሚለውን ዓመት እንደያዘ በመቀጠሉ በላዩ ያለው ቁጥር ብቻ የተመታበትን ጊዜ አያረጋግጥም። አብሮት የተገኘው ነገር ነው የሚመሰክረው። በየመን አል ማድሃሪባ ከ1 ሺህ በላይ የአክሱምና የሮም የወርቅ ሳንቲሞች በአንድነት ባይገኙ ኖሮ ጎን ለጎን ይዘዋወሩ እንደነበር ከእነሱ ማወቅ ባልተቻለ ነበር። በሎሚና በአመድ ታሽቶ ወደ ቢሮ የሚመጣ ሳንቲምም ጽሑፉ ይጠፋል። መረጃው የደረሰው ሠራተኛ ሳንቲሙ ከመነሣቱ በፊት ቦታውን ፎቶግራፍ አንሥቶ ጥልቀቱን፣ ቀኑንና የአግኚውን ስም መመዝገብ ይኖርበታል።