የእንጦጦ ከዋክብት መመርመሪያና ደመወዝተኛ ተማሪዎቹ

ከአዲስ አበባ የካ ክፍለ ከተማ ሰፈሮች በላይ፣ ባሕር ዛፍ በለበሰው በእንጦጦ ሰንሰለት አናት፣ ከባሕር ወለል 3,200 ሜትር ያህል ከፍ ብለው፣ ክብ ጣሪያ የደፉ ሁለት ቤቶች ቆመዋል፤ በእያንዳንዳቸውም ውስጥ የመስተዋቱ ወርድ 1 ሜትር የሆነ ቴሌስኮፕ ተተክሏል። ይህንን መመርመሪያ ያቋቋመው በ1996 ዓ.ም. የተመሠረተው የኢትዮጵያ ስፔስ ሳይንስ ሶሳይቲ ከመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች ጋር ተባብሮ ሲሆን፣ የተመረቀውም በ2007 ዓ.ም. ነው።

የጎብኚ ዐይን የሚያርፈው በመሣሪያው ላይ ነው፤ እኔ ግን ከመሣሪያው ይልቅ በዚያ የተከፈተው የዶክትሬት ትምህርት ሊታወቅ የሚገባው ይመስለኛል። የከዋክብትን ጠባይ በከፍተኛ ደረጃ ሊመረምር የሚሻ ኢትዮጵያዊ ቀድሞ ባሕር መሻገር ግድ ይሆንበት ነበር፤ ዛሬ ግን እዚሁ ተምሮ እዚሁ ሊመረቅ ይችላል።

ጥንት የቆሎ ተማሪ ቁራሹን እየለመነ፣ የመንደሩን ውሻ በበትሩ እየተከላከለ ቅኔና ባሕረ ሐሳብ እንደተማረ የታወቀ ነው። የዛሬው የዶክትሬት ተማሪ ግን ብዙ ጊዜ የአንድ ዩኒቨርሲቲ መምህር ስለሆነ፣ ዩኒቨርሲቲው ደመወዙን ሳያቋርጥ ይልከዋል፤ እርሱም በፈንታው ሲጨርስ ተመልሶ ለተወሰኑ ዓመታት ሊያገለግል ውል ይፈርማል፣ ዋስም ይጠራል። (ዋስ ፍለጋው አንዳንዱን ሰው ከመግቢያው ፈተና ይልቅ ያደክመዋል።) ደመወዙ ግን ለእንጀራ እንጂ ለምርምር አይበቃም። ስለዚህ ተማሪው «ሳንድዊች» በሚባለው ሥርዓት በሀገሩ ተመዝግቦ እየቆየ ለጥቂት ወራት ወደ ውጭ ቤተ ሙከራ ይሄዳል፤ የስዊድን የኡፕሳላ ዩኒቨርሲቲ ዓለም አቀፍ የሳይንስ ፕሮግራም በኢትዮጵያ የመሠረታዊ ሳይንስን ትምህርት በመደገፍ የቆየ ስም አለው። ለሴቶችም መቀመጫውን በጣሊያን በትሪየስቴ ያደረገው የታዳጊ ሀገሮች ሴት ሳይንቲስቶች ድርጅት የዶክትሬት ወጪ የሚሸፍን ዕድል ሲሰጥ ቆይቷል።

ሥራው ምን እንደሆነ ለማያውቅ ሰው፣ ከዋክብትን መመርመር ሌሊቱን ሙሉ በቴሌስኮፕ አጮልቆ ማየት ይመስለዋል። እውነቱ ግን ይህ ነው፦ ከሩቅ ጋላክሲ የመጣው ደካማ ብርሃን እንደ ቀስተ ደመና ተበትኖ ሲዘረጋ፣ በመካከሉ ብሩህና ጥቁር መስመሮች ይታያሉ፤ ተማሪው እያንዳንዱ መስመር ወደ ቀዩ ጎን ምን ያህል እንደተገፋና ምን ያህል እንደጎላ በኮምፒዩተር እየለካ፣ ጋላክሲው በምን ፍጥነት እንደሚርቅና ምን ዓይነት ጋዝ እንደያዘ ያሰላል። የሚለካውም መረጃ ብዙ ጊዜ በአሜሪካ በኒው ሜክሲኮ የቆመው የ2.5 ሜትር ቴሌስኮፕ ሰብስቦ ለዓለም ሁሉ በነጻ ያቀረበው ነው፤ እንጦጦ ላይ ክረምቱ ሰማዩን በደመና ይሸፍነዋልና፣ በበጋም ቢሆን ከሥሩ የተዘረጋው የአዲስ አበባ መብራት ጨለማውን ያፈዝዘዋል።

ስለዚህ ወደፊት ሊሠራ ለታሰበው ታላቅ መመርመሪያ በላሊበላ ዙሪያ ያሉ ተራሮች ሲጠኑ ቆይተዋል፤ በዓመት ውስጥ ስንት ሌሊት ጥርት እንደሚል፣ አየሩም ምን ያህል እርጥበትና መናወጥ እንዳለበት መለካት፣ በእኔ ግምት፣ ብቻውን አንድ የዶክትሬት መመረቂያ ጽሑፍ ይወጣዋል።