የጣና ዓሣዎች ህልውና ከጉና ተራራ ይጀምራል

በጋይንት፣ በስማዳና በእስቴ ደጋዎች ስለ ዓሣ ዝርያዎች መጥፋት መነጋገር እንግዳ ሊመስል ይችላል። ይሁንና ከባህር ወለል በላይ ከ4 ሺህ 100 ሜትር በላይ ከፍታ ያለውና ፋርጣን፣ ላይ ጋይንትንና እስቴን የሚያዋስነው የጉና ተራራ፣ በዓለም በሌላ ስፍራ የማይገኙ የጣና ሐይቅ ዓሣዎች የሚራቡባቸው የጉማራና የርብ ወንዞች መነሻ ነው። በመሆኑም በተራራው ተዳፋት የሚፈጸም ተግባር በሐይቁ የሚኖሩትን ዝርያዎች ዕጣ ይወስናል።

በጣና ሐይቅ ላቢዮባርበስ በሚባለው ወገን ሥር የሚመደቡ፣ የሐይቁ ብቻ የሆኑ 15 ያህል ዝርያዎች መኖራቸውን ሳይንሳዊ ጥናቶች አረጋግጠዋል። የጢስ ዓባይ ፏፏቴ ከታችኛው የዓባይ ውሃ የለያቸው እነዚህ ዓሣዎች በረጅም ዘመን ሂደት በመልክ፣ በመጠንና በአመጋገብ ተለያይተዋል። ከመካከላቸው ስምንቱ ሌሎች ዓሣዎችን አድነው የሚመገቡ ሲሆን፣ በመንጋጋቸው ላይ ጥርስ ለሌለው ለዚህ ቤተሰብ ይህ እጅግ ያልተለመደ ነው።

ከዝርያዎቹ ቢያንስ ሰባቱ ለመራባት ሐይቁን ለቀው ወደ ወንዝ ይወጣሉ። ጉዞው በክረምት የሚጀምር ሲሆን፣ ዓሣዎቹ በወንዞቹ አፍ ተሰባስበው ወደ ላይ በመዝለቅ ጥልቀት በሌላቸው ገባር ወንዞች ጠጠር ላይ እንቁላላቸውን ይጥላሉ። እንቁላሉ እንዲፈለፈል በጠጠሩ መካከል ኦክስጅን ያለው ንጹህ ውሃ መዘዋወር አለበት። ከተራቆተ ተዳፋት የታጠበ አፈር ጠጠሩን ሲሸፍነው እንቁላሉ ታፍኖ ይሞታል።

ለአደጋው የሚጠቀሰው ሌላው ምክንያት አሰጋገሩ ነው። እ.ኤ.አ. ከ1986 ጀምሮ በሞተር ጀልባና በዘመናዊ መረብ ማስገር በሐይቁ በመስፋፋቱ፣ ለመራባት በወንዝ አፍ የተሰበሰቡ ዓሣዎች በቀላሉ የሚያዙ ሆነዋል። እ.ኤ.አ. ከ1991 እስከ 2001 ባሉት ዓመታት የእነዚህ ዓሣዎች ብዛት በ75 በመቶ ገደማ መቀነሱን፣ የጫጩቶቹ ማሽቆልቆል ደግሞ ከዚህ የከፋ መሆኑን ጥናቶች አመልክተዋል። የብርብራ ፍሬ ፈጭቶ ወንዝ ውስጥ በመበተን ዓሣን ማደንዘዝ፣ ከወንዝ አሸዋና ጠጠር ማውጣት፣ በበጋ የወንዙን ውሃ በፓምፕ ስቦ መጨረስ እንዲሁም የዓሣ መተላለፊያ የሌለው ግድብ መሥራት ችግሩን የሚያባብሱ ናቸው።

አደጋው ከግምት ያለፈ ስለመሆኑ በፊሊፒንስ የሚገኘው የላናኦ ሐይቅ ማስረጃ ነው። የዓለም አቀፉ የተፈጥሮ ጥበቃ ኅብረት እ.ኤ.አ. በ2020 ባወጣው መረጃ፣ የዚያ ሐይቅ ብቻ ከነበሩት 17 የዓሣ ዝርያዎች 15ቱ መጥፋታቸውን ይፋ አድርጓል። ለዚህም ከሌላ ስፍራ የገቡ አዳኝ ዓሣዎችና ከልክ ያለፈ አሰጋገር በምክንያትነት ተጠቅሰዋል። ይኸው ኅብረት እ.ኤ.አ. በ2024 በሞቃት ባህሮች ሪፍ ከሚገነቡ 892 የኮራል ዝርያዎች 44 በመቶው የመጥፋት አደጋ እንደተጋረጠባቸው አስታውቋል። የባህር ሙቀት መጨመር የኮራሎቹ ዋነኛ ሥጋት ቢሆንም፣ ከየብስ የሚታጠብ ደለልም ይጎዳቸዋል። በባህርም ሆነ በሐይቅ የሚኖር ዝርያ ከየብሱ አያያዝ ተነጥሎ ሊጠበቅ እንደማይችል ይህ ያስገነዝባል።

በአገራችን የዓሣ ሀብት ልማትና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 315/1995 የወጣ ሲሆን፣ የጣና ሐይቅና አካባቢው እ.ኤ.አ. በ2015 በዩኔስኮ በባዮስፌር ሪዘርቭነት ተመዝግቧል። የዓሣ ጥበቃ ግን ለሐይቅ ዳር ወረዳዎችና ለዓሣ ባለሙያዎች ብቻ የሚተው ሥራ አይደለም። በዓሣዎቹ የመራቢያ ወራት በወንዝ አፍ ማስገርን ማቆም የታችኛው ተፋሰስ ድርሻ ሲሆን፣ አፈሩን በቦታው ማስቀረት የላይኛው ተፋሰስ ኃላፊነት ነው።

በጉና አናት የሚገኙትን አስታ፣ ጅብራና ጓሳ ከእርሻና ከልቅ ግጦሽ መከላከል፣ እርከን መሥራትና መጠገን፣ የወንዝ ዳርቻዎችን በዕጽዋት መሸፈን ለገበሬው ማሳ የሚሰጡት ጥቅም የታወቀ ነው። እነዚሁ ሥራዎች ጠጠሩን ከደለል ስለሚጠብቁ በወረዳ ዕቅድና ሪፖርት የዓሣ ሀብት ጥበቃ አካል ተደርገው ሊታዩ ይገባል። የስማዳና የጋይንት ውሃ አብዛኛው በቀጥታ ወደ ዓባይ ሸለቆ የሚወርድ ቢሆንም፣ የሚያጥበው አፈር ለታችኛው ተፋሰስ ግድቦች ደለል በመሆኑ ኃላፊነቱ እኩል ነው።

የታጠበ አፈርን ለመተካት ረጅም ዘመን ያስፈልጋል፤ የጠፋ ዝርያን ግን በምንም ዋጋ መመለስ አይቻልም። በጉና ተዳፋት በየዓመቱ የሚሠራው እርከን ዋጋም በዚሁ ሚዛን ሊለካ ይገባል።