የኢሉባቦር ሰማይ በልጆቹ ቋንቋ

በኢሉባቦር አብዛኛው ልጅ ስለ መሬት፣ ስለ ፀሐይና ስለ ጨረቃ በመጀመሪያ የሚማረው በአፋን ኦሮሞ ነው። ቁቤ የሚባለው የላቲን ፊደል በጥቅምት 1984 ዓ.ም. ለቋንቋው ጽሕፈት ተመረጠ፤ የ1986ቱ የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ደግሞ የአንደኛ ደረጃ ትምህርት በአፍ መፍቻ ቋንቋ እንዲሰጥ አደረገ። ከዚያ ወዲህ በመቱ፣ በጎሬ፣ በሁሩሙ፣ በያዮና በቡሬ ባሉ በርካታ ትምህርት ቤቶች ሒሳቡም ሳይንሱም እስከ 8ኛ ክፍል በዚሁ ቋንቋ ይሰጣል። 9ኛ ክፍል ላይ ማስተማሪያው እንግሊዝኛ ይሆናል። የመቱ ልጅ ሰማዩን አፉን በፈታበት ቋንቋ አጥርቶ የሚረዳበት ጊዜ እንግዲህ ስምንት ዓመት ነው። በእነዚህ ዓመታት ያልገባው ነገር በ9ኛ ክፍል የፊዚክስና የጂኦግራፊ መጽሐፍ ውስጥ ከባዕድ ቋንቋ ጋር ተደራርቦ ይጠብቀዋል።

የአገሪቱ የስፔስ ሥራ በበኩሉ ከአዲስ አበባ ዙሪያ ብዙም አልራቀም። የኢትዮጵያ ስፔስ ሳይንስ ሶሳይቲ የተመሠረተው እ.ኤ.አ. በ2004 ነው። 3,200 ሜትር ገደማ ከፍታ ባለው እንጦጦ ላይ የመስታወታቸው ስፋት አንድ አንድ ሜትር የሆነ ሁለት ቴሌስኮፖች ተተክለዋል። ታኅሣሥ 10 ቀን 2012 ዓ.ም. ደግሞ የመጀመሪያዋ የኢትዮጵያ ሳተላይት ኢቲአርኤስኤስ-1 ከቻይና ተወነጨፈች። መቱ ከአዲስ አበባ 600 ኪሎ ሜትር ገደማ ወደ ምዕራብ ትርቃለች። ስለ ሕዋ በአገር ውስጥ የሚጻፈውም አብዛኛው በእንግሊዝኛ ነው፤ ከእንግሊዝኛ ቀጥሎ በአማርኛ ነው። በአፋን ኦሮሞ ለልጆች የተዘጋጀው እጅግ ጥቂት ነው።

መፍትሔው ያለውን መጽሐፍ መተርጎም ብቻ ይመስላል። ትርጉም ግን ግማሹን እንኳ አይሠራም፤ የውጭ የሥነ ፈለክ መጻሕፍት የሚያሳዩት ሰማይ ሌላ ሰማይ ነውና። አብዛኞቹ የተጻፉት ከምድር ወገብ ርቀው በሰሜን ለሚኖሩ ልጆች ነው። መቱ የምትገኘው ከምድር ወገብ በስተሰሜን 8 ዲግሪ ከሩብ በሚሆን ኬክሮስ ላይ ነው። በዚያ የሚታየው ሰማይ ለንደን ወይም ኒውዮርክ ላይ ከሚታየው በብዙ ይለያል፤ ልዩነቱም ዓይን ያለው ሁሉ የሚያየው ነው።

ጥላን እንውሰድ። የሰሜን አገር መጽሐፍ በቀትር የማንኛውም ነገር ጥላ ምንጊዜም ወደ ሰሜን እንደሚያርፍ ይናገራል። መቱ ላይ ይህ እውነት የሚሆነው ከዓመቱ በከፊሉ ብቻ ነው። ሚያዝያ 3 ቀን አካባቢ ፀሐይ በከተማዋ ትክክለኛ አናት ላይ ታልፋለች፤ ቀጥ ብሎ የተተከለ ዘንግ በዚያች ቅጽበት ጥላ አይኖረውም። ከዚያ በኋላ የቀትር ፀሐይ ወደ ሰሜን ስለምታልፍ ጥላው ወደ ደቡብ ይዞራል፤ ሰኔ 14 ላይ የአንድ ሜትር ዘንግ 27 ሴንቲ ሜትር ጥላ ወደ ደቡብ ይጥላል። በነሐሴ 25 ወይም 26 ፀሐይ እንደገና አናት ላይ ትሆናለች፤ ከዚያ ጥላው ወደ ሰሜን ተመልሶ ታኅሣሥ 12 ላይ 62 ሴንቲ ሜትር ይደርሳል። ይህን ሁሉ ለመለካት አንድ ቀጥ ያለ እንጨት፣ ሜትርና የትምህርት ቤት ግቢ ይበቃል። መሬት ዘንበል ብላ ፀሐይን እንደምትዞር ከዚህ የተሻለ ማስረጃ ለማግኘት ገንዘብ ማውጣት አያስፈልግም።

ከዚሁ ጋር የሚሄድ ሌላ ትምህርት አለ። ጥላው የሚያጥርባት ሰዓት በመቱ ልክ 6 ሰዓት አይደለችም፤ በአማካይ ወደ 6 ሰዓት ከ38 ደቂቃ ትጠጋለች። የኢትዮጵያ ሰዓት የተቀመረው በሶማሌ ክልል በኩል በሚያልፈው በ45ኛው የምሥራቅ ኬንትሮስ ሲሆን መቱ ያለችው በ35 ዲግሪ ተኩል ገደማ ላይ ነው። መሬት አንድ ዲግሪ ለመዞር 4 ደቂቃ ስለሚፈጅባት ፀሐይ ወደ መቱ የምትደርሰው ያን ያህል ዘግይታ ነው። የ7ኛ ክፍል ተማሪ ይህን በራሱ ማባዛት ሊደርስበት ይችላል፤ ደርሶበት ካየ በኋላ ደግሞ መሬት መዞሯን በቃል መሸምደድ አያስፈልገውም።

ጨረቃም እንዲሁ ናት። በውጭ መጻሕፍት አዲስ ጨረቃ ቀጥ ብላ በጎኗ የቆመች ተደርጋ ትሳላለች። በኢሉባቦር ግን ምሽት ላይ የምትታየው ለጋ ጨረቃ ብዙ ጊዜ ሁለት ቀንዷን ወደ ላይ አድርጋ የተጋደመች ናት። ልጁ በየወሩ የሚያየውን ትቶ የመጽሐፉን ሥዕል ሲገለብጥ፣ ዓይኑን ከማመን ይልቅ ወረቀቱን ማመን ተምሯል ማለት ነው። ለሳይንስ ከዚህ የከፋ ጅማሬ የለም። የረመዳንን መግቢያ ለማየት ከቤተሰቡ ጋር ወደ ምዕራብ የሚያንጋጥጥ የመቱ ሙስሊም ልጅ የጨረቃዋን አቀማመጥ ከማንም መጽሐፍ አስቀድሞ ያውቀዋል። መምህሩ መነሻ ማድረግ ያለበትም ይህን ዕውቀት ነው።

ከዋክብትን በተመለከተ ኢሉባቦር የታደለ አገር ነው። የሰሜን ኮከብ ከአድማስ 8 ዲግሪ ብቻ ከፍ ስለሚል ኮረብታና ዛፍ ይጋርደዋል፤ በምትኩ ከአውሮፓ ፈጽሞ የማይታየው የደቡብ መስቀል በየካቲትና በመጋቢት ከእኩለ ሌሊት በኋላ በደቡብ በኩል ከ20 ዲግሪ በላይ ወጥቶ ይታያል። በታኅሣሥና በጥር ምሽቶች ኦሪዮን፣ ሰባቱ ከዋክብትና ሲሪየስ ከአናት ብዙም ሳይርቁ ይሰለፋሉ። ችግሩ ዝናቡ ነው። አካባቢው ከአገሪቱ እጅግ ዝናባማ ከሆኑት አንዱ በመሆኑ ከግንቦት እስከ መስከረም ሰማዩ በአብዛኛው በደመና ይሸፈናል። የሰማይ ትምህርት በኅዳር ተጀምሮ በየካቲት እንዲያልቅ ሆኖ ቢቀረጽ በክረምት ዋዜማ ከሚሰጥ ትምህርት እጅግ ይጠቅማል፤ የመጽሐፍ ምዕራፎች ቅደም ተከተል ግን ለደመና ደንታ የለውም።

ለአፋን ኦሮሞ ተናጋሪ ልጅ ከሁሉ የከበረው ሀብት በቋንቋው ውስጥ ተጠብቆ የኖረው የቦረና የዘመን አቆጣጠር ነው። አስመሮም ለገሰ እ.ኤ.አ. በ1973 ባሳተሙት የገዳ ሥርዓት ጥናት በስፋት የገለጹት ይህ አቆጣጠር በጨረቃና በከዋክብት ላይ የቆመ ነው። ዓመቱ 12 የጨረቃ ወራት፣ 354 ቀን ገደማ አለው። አያንቱ የሚባሉት አዋቂዎች ወሩን የሚለዩት ጨረቃ በተወሰነ መልኳ ከየትኛው ኮከብ አጠገብ እንደምትታይ ተመልክተው ነው። የሚከተሏቸው ሰባት ናቸው፦ ላሚ፣ ቡሳን፣ በካልቻ፣ አልጋጂማ፣ አርብ ጋዱ፣ ኡርጂ ዋላና ባሳ። ቡሳን ሰባቱ ከዋክብት፣ በካልቻ አልዴባራን፣ ባሳ ደግሞ ሲሪየስ ናቸው።

የዚህ አቆጣጠር ቀናት 27 ስሞች አሏቸው። ወሩ ግን 29 ወይም 30 ቀን ስለሆነ በየወሩ ሁለት ወይም ሦስት ስሞች ይደጋገማሉ። እዚህ ላይ ለአንደኛ ደረጃ ተማሪ የሚስማማ ጥልቅ የሥነ ፈለክ ጥያቄ አለ። ጨረቃ ከአንድ ኮከብ አጠገብ ተነሥታ ወደዚያው ኮከብ የምትመለሰው በ27 ቀን ከ8 ሰዓት ገደማ ነው፤ ከአዲስ ጨረቃ እስከ አዲስ ጨረቃ ግን 29 ቀን ተኩል ይሆናል። ልዩነቱ የሚመጣው መሬት በዚያው ጊዜ ፀሐይን እየዞረች ስለምትጓዝ ነው። የመቱ ልጅ ጨረቃን ለአንድ ወር ማታ ማታ እያየ ከየትኛው ኮከብ አጠገብ እንደሆነች በደብተሩ ቢመዘግብ ሁለቱንም ቁጥሮች በራሱ ያገኛቸዋል። ቦረና ከኢሉባቦር ሩቅ ነው፤ የኢሉባቦር ኦሮሞም ዛሬ ወራትን የሚቆጥረው በዚህ መንገድ አይደለም። ቋንቋው ግን አንድ ስለሆነ ትምህርቱ ያለ አስተርጓሚ ይገባዋል፤ ሥነ ፈለክ ከውጭ ብቻ የመጣ ዕውቀት እንዳልሆነም ያያል። በዞኑ አማርኛ ተናጋሪ ልጆችም ብዙ ናቸው፤ ለእነርሱ የቤተ ክርስቲያን የዘመን ቀመር የሆነው የባሕረ ሐሳብ የ19 ዓመት ዑደት ተመሳሳይ በር ይከፍታል። በጎሬና በቡሬ በኩል ወደ ጋምቤላ የሚወስደው መንገድ ጫፍ ላይ ለሚኖሩት የአኝዋክና የኑዌር ልጆችም በየቋንቋቸው እንዲህ ያለ ሥራ ይገባቸዋል።

ሌላው ዓለም በዚህ ረገድ የሠራው አስተማሪ ነው። እ.ኤ.አ. በ2016 ላይጎ የተባለው የምርምር ማዕከል ሳይንቲስቶች የስበት ሞገድ ማግኘታቸውን ሲያስታውቁ፣ በላይጎ የሚሠራው ኮሪ ግሬይ እናቱን ሻሮን የሎፍላይን ጠይቆ ዜናው በሰሜን አሜሪካ ነባር ሕዝቦች ቋንቋ፣ በብላክፉት፣ እንዲተረጎም አደረገ፤ እናትየው ለአዲሶቹ ሐሳቦች ስያሜ መፍጠር ነበረባቸው። ሃዋይ ውስጥ በሃዋይኛ የሚማሩ ተማሪዎች ከቋንቋ አዋቂዎች ጋር ሆነው ለተገኙ አስትሮይዶች ስም አውጥተዋል። ኒውዚላንድ ደግሞ የማኦሪዎች አዲስ ዓመት ምልክት የሆኑትን ሰባቱን ከዋክብት፣ ማታሪኪን፣ እ.ኤ.አ. ከ2022 ጀምሮ በብሔራዊ በዓልነት ታከብራለች፤ ኮከቦቹ ቦረናዎች ቡሳን የሚሏቸው እነዚያው ናቸው።

ኢትዮጵያም ከዚህ ድርሻ አላት። ዓለም አቀፉ የሥነ ፈለክ ኅብረት በ2012 ዓ.ም. ለየአገሩ አንድ ኮከብና አንድ ፕላኔት እንዲሰይም ዕድል ሲሰጥ፣ ኤችዲ 16175 የሚባለው ኮከብ «ቡና»፣ የሚዞረው ፕላኔት ደግሞ «አቦል» ተባሉ። ኮከቡ በአንድሮሜዳ አቅጣጫ 200 የብርሃን ዓመት ገደማ ይርቃል፤ አቦል በክብደት ከጁፒተር የሚበልጥ ሲሆን ኮከቡን አንድ ጊዜ ለመዞር ከሁለት ዓመት ተኩል በላይ ይፈጅበታል። ቡና በዓይን ብቻ ባይታይም በባይነኩላር ይገኛል። የቡና ልማት ኑሮው ለሆነ ለያዮና ለሁሩሙ ልጅ፣ በአማርኛም በአፋን ኦሮሞም አንድ የሆነው ይህ ስም ሰማይ ላይ መኖሩ ያለ ጥርጥር ያኮራል። የሚያሳዝነው ነገሩን የሰማው ልጅ ጥቂት መሆኑ ነው።

ሳተላይትም በዚሁ መንገድ ሊቀርብ ይችላል። ኢቲአርኤስኤስ-1 72 ኪሎ ግራም ያህል ስትመዝን ከመሬት 600 ኪሎ ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ሆና እርሻን፣ ደንንና ውኃን እንድታነሣ ነበር የተሠራችው። ዩኔስኮ እ.ኤ.አ. በ2010 በባዮስፌር ሪዘርቭነት የመዘገበው የያዮ የቡና ደን ለዚህ ትምህርት የተዘጋጀ ያህል ነው። ቅጠል ቀይ ብርሃንን ለምግብ ሥራው ይመጥጣል፤ ዓይን የማያየውን ኢንፍራሬድ ግን አብዝቶ ያንጸባርቃል። ሳተላይት ደንን ከተመነጠረ መሬት የምትለየው በዚህ ነው። የአሜሪካው ላንድሳት ፎቶዎች ከ2008 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ያለ ክፍያ ስለሚሰጡ፣ የያዮን ደን የትናንትና የዛሬ ገጽታ ማተምና ክፍል ውስጥ ማነጻጸር የሚከብድ ነገር አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2011 የተከፈተው መቱ ዩኒቨርሲቲም በመቱ ከተማ አለ። የዩኒቨርሲቲው የፊዚክስና የአፋን ኦሮሞ መምህራን አብረው ቢቀመጡ የሁለት ቋንቋ የሕዋ መፍቻ ቃላት ማዘጋጀት ይችላሉ፤ ቃሉ በአፋን ኦሮሞና በእንግሊዝኛ ጎን ለጎን ቢሰፍር 8ኛውን ክፍል ከ9ኛው ያገናኛል።

ቋንቋ የዓይን ደኅንነት ጉዳይ የሚሆንበት ጊዜም አለ። ሰኔ 14 ቀን 2012 ዓ.ም. የቀለበት ግርዶሽ ከወለጋ አንሥቶ በጎጃም አድርጎ ወደ ላሊበላ ሲያልፍ፣ ኢሉባቦር ላይም ጨረቃ አብዛኛውን የፀሐይ ፊት ሸፍና ነበር። ትምህርት ቤቶች ያኔ በኮሮና ምክንያት ተዘግተው ስለነበር የክፍል ትምህርት ሊደርሰው የሚችል ልጅ አልነበረም። ሐምሌ 26 ቀን 2019 ዓ.ም. በግብፅና በየመን ሙሉ የሚሆነው ግርዶሽ በኢትዮጵያ ከቀትር በኋላ ከፊል ሆኖ ይታያል። ቀኑ የክረምት ዕረፍት ላይ ስለሚውል፣ ፀሐይን በባዶ ዓይን ማየት ዓይን እንደሚያጠፋ፣ ተራ የፀሐይ መነጽርና የጠቆረ መስታወት እንደማያድኑ ትምህርት ቤት ከመዘጋቱ በፊት በሰኔ በየቋንቋው መነገር አለበት፤ በአፋን ኦሮሞ የሚያሰራጩ ሬዲዮኖችም በግርዶሹ ሳምንት ሊደግሙት ይችላሉ። በካርቶን ላይ በመርፌ ቀዳዳ አበጅቶ ጀርባን ለፀሐይ ሰጥቶ የሚወርደውን ምስል በወረቀት ላይ ማየት ግን ለማንም አያሰጋም። ደመናው ከተገለጠ ከቡና ጥላ ዛፎች ሥር መሬቱን መመልከትም ይበቃል፤ በቅጠሎቹ መካከል ያለው እያንዳንዱ ክፍተት የመርፌ ቀዳዳውን ሥራ ስለሚሠራ፣ የተጎመደችው ፀሐይ በመቶዎች ተባዝታ መሬት ላይ ትወርዳለች።