«የትኛው ሚካኤል?» የቤት ራውተርና የግል አድራሻ ኮምፒውተራችንን እንዴት ይጠብቃሉ?

በፎገራ ሜዳ የቁሐር ሚካኤል ነዋሪ ለጎረቤቱ «ሚካኤል ደርሼ ልምጣ» ቢለው፣ ጎረቤቱ «የትኛው ሚካኤል?» ብሎ አይጠይቅም። በአጥቢያው ውስጥ ስሙ ብቻውን ይበቃል። ይኸው ሰው ባሕር ዳር ወይም ጎንደር ሄዶ እንዲሁ ቢናገር ግን ጥያቄው አይቀርለትም፤ በቅዱስ ሚካኤል ስም የሚጠራ ደብር በየቦታው አለና። በቤታችን ያሉ ኮምፒውተሮችም የሚጠሩት ከዚህ በማይርቅ ሥርዓት ነው። በዚህ ጽሑፍ ሥርዓቱ ምን ያህል እንደሚጠብቀንና ጥበቃው የት ላይ እንደሚያበቃ እንመለከታለን።

ከእጥረት የተወለደ መላ

እንደሚታወቀው በኢንተርኔት የሚላክ መረጃ ሁሉ የላኪውንና የተቀባዩን አይፒ አድራሻ ይይዛል። ዛሬም በስፋት የምንጠቀምበት አራተኛው የአይፒ ስሪት በ32 ቢት የተወሰነ በመሆኑ የሚሰጠው አድራሻ 4.3 ቢሊዮን ገደማ ብቻ ነው፤ ይህም ከዓለም ሕዝብ ቁጥር ያንሳል። እጥረቱን አስቀድመው የተመለከቱ ባለሙያዎች እ.ኤ.አ. በ1994 «ናት» የተባለውን አድራሻ የመለወጥ ዘዴ አቀረቡ። በዚያው ዓመት ደግሞ በ10፣ ከ172.16 እስከ 172.31 ባሉት እና በ192.168 የሚጀምሩ አድራሻዎች ለግል ኔትወርክ ብቻ ተለዩ። እነዚህ በይፋዊው ኢንተርኔት ላይ ስለማይዘዋወሩ፣ በወረታና በአዲስ አበባ ያሉ ሁለት ኮምፒውተሮች በአንድ ጊዜ 192.168.1.2 ቢባሉ አይጋጩም። የተፈራው እጥረትም አልቀረም፤ በፌብሩዋሪ 2011 የዓለም አቀፉ ክምችት የመጨረሻ አምስት ድርሻዎች አፍሪካን ለሚያገለግለው አፍሪኒክና ለአራት አቻዎቹ ተከፋፍለው አለቁ።

መዝገብ ያዡ ራውተር

አንድ ተማሪ ከቤቱ ሆኖ የዩኒቨርሲቲን ድረ ገጽ ይከፍታል እንበል። ጥያቄው በመጀመሪያ ራውተሩ ዘንድ ይደርሳል። ራውተሩም የኮምፒውተሩን የግል አድራሻና የፖርት ቁጥር በመዝገቡ ካሰፈረ በኋላ፣ በቦታው የራሱን ይፋዊ አድራሻ ተክቶ ወደ ውጭ ይልካል። መልሱ ሲመጣ መዝገቡን አይቶ ለባለቤቱ ያደርሳል። ማንም ሳይጠይቀው ከውጭ የመጣ መረጃ ግን በመዝገቡ ባለቤት ስለማይገኝለት በተለመደው አሠራር በር ላይ ይቀራል።

የዚህ ጥቅም በኦገስት 2003 ጎልቶ ታይቷል። ብላስተር የተባለው ተዛማች ፕሮግራም ባለቤቱ ምንም ሳይነካ በኢንተርኔት ላይ የዊንዶውስ ኮምፒውተሮችን እየፈለገ ሲገባ፣ በቀጥታ ይፋዊ አድራሻ የያዙት ተጋልጠው ነበር፤ ከእንዲህ ያለ ራውተር ጀርባ ያሉትን ግን ከውጭ በቀጥታ ሊደርስባቸው አልቻለም።

በሩን ስንከፍት

ይሁን እንጂ «ናት» የተፈጠረው አድራሻ ለመቆጠብ እንጂ ለጥበቃ አይደለም። የሚመልሰውም ያልተጋበዘውን እንግዳ ብቻ ነው። እኛው ጠርተን ያስገባነውን፣ ለምሳሌ በኢሜይል የመጣና የከፈትነውን አጥፊ ፋይል፣ እንደ ማንኛውም መልስ ያሳልፈዋል። በ2008 መጨረሻ የተነሣው ኮንፊከር በፍላሽ ዲስክ ጭምር ይዛመት ስለነበር በራውተሩ በር ማለፍ እንኳ አላስፈለገውም። በ2016 የታየው ሚራይ ደግሞ ከፋብሪካ የወጣ የይለፍ ቃላቸው ያልተለወጠ ካሜራዎችንና ራሳቸውን ራውተሮቹን ማረከ። ዘበኛው ከተማረከ የቤቱ ደኅንነት ምን ይሆናል?

በ128 ቢት የሚሠራው ስድስተኛው የአይፒ ስሪት ለየመሣሪያው ይፋዊ አድራሻ መስጠት ስለሚችል፣ በእጥረት ምክንያት ያገኘነው ከለላ በዚያ አይኖርም። ያልተጠየቀውን የመመለሱን ሥራ ፋየርዎል ሊረከበው ግድ ይላል።

እንግዲህ ውድ አንባቢ፣ የኮምፒውተርዎ አድራሻ በ192.168 የሚጀምር ቢሆን ደስ ይበልዎት፤ ነገር ግን በዚያ ብቻ አይተማመኑ። የራውተሩን የይለፍ ቃል ይለውጡ፤ ሶፍትዌሩን ያድሱ፤ ፋየርዎሉ መብራቱን ያረጋግጡ፤ ከየት እንደመጣ የማያውቁትን ፍላሽ ዲስክ አይሰኩ። ራውተሩ «የትኛው?» ብሎ የሚጠይቀው ከውጭ የመጣውን ነው፤ ከውስጥ የምንከፍትለትን የመጠየቁ ኃላፊነት የእኛው ነው።