ሚዛኑ አልነቃነቅ ሲል፦ ተረትና እውነታ

በአዲስ አበባ እግረኛ መንገዶች ዳር ሚዛን ዘርግተው የሚቀመጡ ልጆች አሉ። መንገደኛው ጥቂት ብር ከፍሎ፣ ከነጫማው ከነቦርሳው ይወጣበታል፤ ቁጥሩን አይቶ ፈገግ ብሎ ወይም ፊቱን አጥቁሮ ይወርዳል። ክብደት ለመቀነስ ቆርጦ ለተነሣ ሰው ያች ቁጥር እንደ ፍርድ ናት። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ሁለት ሦስት ኪሎ ይወርድና ልብ ይሞላል። ከዚያ ሚዛኑ ቀጥ ይላል፤ አንድ ሳምንት፣ ሁለት ሳምንት፣ ወር። ብዙ ሰው «የእኔ ሰውነት እንቢ ብሏል» ብሎ ጥረቱን የሚተወው እዚህ ላይ ነው። ያሳዝናል፤ ምክንያቱም ብዙ ጊዜ ተስፋ የሚያስቆርጠው ስለ ሚዛኑ የሚነገረው ተረት ነው።

ተረት 1፦ ሚዛኑ ካልቀነሰ ስብ አልቀነሰም

እውነታው፦ ሚዛን ስብን ለይቶ አያውቅም። አጥንቱንም፣ ጡንቻውንም፣ ውሃውንም፣ በሆድ ያለውን ምግብም ደምሮ ነው የሚናገረው። አንድ ሊትር ውሃ የጠጣ ሰው ወዲያውኑ አንድ ኪሎ ይጨምራል፤ ስቡ ግን ያው ነው። ጨው የበዛበት ወጥ የበላ፣ የወር አበባዋ የተቃረበ፣ ስፖርት ጀምሮ ጡንቻው የዛለ ሰው ሰውነቱ ውሃ ይቋጥራል። ስብ ደግሞ በዝግታ ነው የሚሄደው። አንድ ኪሎ የሰውነት ስብ 7,700 ገደማ ካሎሪ ይይዛል፤ በቀን 500 ካሎሪ የሚያጎድል ሰው ያንን ለመጨረስ ሁለት ሳምንት ያህል ይፈጅበታል። በዚያው ጊዜ አንድ ኪሎ ውሃ ከተቋጠረ ሚዛኑ ባለበት ይቆማል፤ ስቡ ግን ሄዷል።

ተረት 2፦ እንደ መጀመሪያው ሳምንት ካልቀነስኩ አንድ ነገር ተበላሽቷል

እውነታው፦ የመጀመሪያው ሳምንት ኪሎ አብዛኛው ውሃ ነበር። ሰውነት ስኳርን ግላይኮጅን በሚባል መልክ በጉበትና በጡንቻ ያከማቻል፤ እያንዳንዱ ግራም ሦስት ግራም ያህል ውሃ ይዞ ይቀመጣል። ምግብ ሲቀነስ ይህ ክምችት ቀድሞ ይነካል፣ ውሃውም በሽንት ይወጣል። ከዚያ በኋላ ያለው ዝግተኛ ጉዞ ነው ትክክለኛው የስብ መቀነስ።

ተረት 3፦ ሰውነት ሲራብ ስብ ማቃጠሉን ያቆማል

እውነታው፦ ይቀንሳል እንጂ አያቆምም። በ1944 እና 1945 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ ሚኒሶታ አንሴል ኪይስ የተባሉ ተመራማሪ 36 በጎ ፈቃደኛ ወንዶችን ለ24 ሳምንታት ከለመዱት ግማሽ ያህል ብቻ አበሏቸው። ሰዎቹ ከክብደታቸው ሩብ ያህሉን አጡ። ሰውነታቸው ወጪውን ቆጠበ፤ መክሳታቸው ግን አልቀረም።

ቁጠባው ግን እውነት ነው፣ መናቅም የለበትም። ተመራማሪው ኬቨን ሆልና ባልደረቦቻቸው በ2016 እ.ኤ.አ. ባወጡት ጥናት፣ በቴሌቪዥን የክብደት መቀነስ ውድድር የተካፈሉ 14 ሰዎች ከስድስት ዓመት በኋላም ሰውነታቸው በዕረፍት ጊዜ የሚያቃጥለው ካሎሪ ከሚጠበቀው በቀን 500 ያህል ያነሰ ነበር። በዚያ ላይ የቀለለ ሰውነት ለመንቀሳቀስም ትንሽ ኃይል ይበቃዋል። 95 ኪሎ ሳለ ያከሳው ምግብ 80 ኪሎ ሲገባ ክብደቱን ባለበት የሚያቆይ ብቻ ሊሆን ይችላል። ይህ ስንፍና አይደለም፤ ሒሳቡ ስለተለወጠ ነው።

ተረት 4፦ «ምንም አልበላም እኮ! ደግሞ ጾም ነው»

እውነታው፦ በ1992 እ.ኤ.አ. በኒውዮርክ የተደረገ ጥናት «ትንሽ እየበላን አልከሳ አልን» ያሉ ሰዎችን መረመረ። የሰውነታቸው አሠራር ጤናማ ነበር። ከበሉት ውስጥ ግን 47 በመቶ ያህሉን ሳይቆጥሩት ቀርተዋል። ሊዋሹ ፈልገው አልነበረም፤ ዓይን የማያየው ምግብ ብዙ ስለሆነ ነው።

የእኛን ማዕድ ቤት እንይ። ለሽሮው ቁሌት ሲሠራ ዘይቱ ከጀሪካኑ በቀጥታ ድስቱ ውስጥ ይንቆረቆራል፤ ማንም በማንኪያ አይለካም። አንድ የሾርባ ማንኪያ ዘይት 120 ገደማ ካሎሪ አለው። ከዚያ ጉርሻው፣ ከአቦል እስከ በረካ በየሲኒው የሚገባው ስኳር፣ እያወሩ የሚዘገነው ቆሎ አለ። ሥጋና ቅቤ የሌለበት የጾም ገበታም በዘይት ከዋኘ ያወፍራል።

ተረት 5፦ ላብ ሲወጣ ስብ ይወጣል

እውነታው፦ ሆድን በፕላስቲክ ጠቅልሎ መሮጥ ወይም ስቲም መግባት የሚያስወጣው ውሃ ነው፤ ሲጠጡ ይመለሳል። ሎሚ በሙቅ ውሃም ስብ አያቀልጥም። ሆድን ብቻ በማሠራት ቦርጭን ለይቶ ማጥፋት አይቻልም።

ተረት 6፦ ከሚዛን ሌላ ማስረጃ የለም

እውነታው፦ የልብስ ሰፊ ሜትር ብዙ ይናገራል። ትንፋሽዎን አስወጥተው በታችኛው የጎድን አጥንትና በዳሌ አጥንት መካከል ወገብዎን ይለኩ። ጥሩው መመዘኛ ወገብ ከቁመት ግማሽ በታች እንዲሆን ነው፤ ቁመቷ 160 ሴንቲ ሜትር የሆነች ሴት ወገቧ ከ80 በታች ቢሆን ይመረጣል። ኪሎው ቆሞ ወገብ ከጠበበ ሥራው እየተሠራ ነው።

ጤና ለማግኘትም ብዙ ኪሎ መጣል ግድ አይደለም። በ2002 እ.ኤ.አ. በወጣ የአሜሪካ ጥናት ለስኳር በሽታ የተቃረቡ ሰዎች ክብደታቸውን 7 በመቶ እንዲቀንሱና በሳምንት 150 ደቂቃ እንዲንቀሳቀሱ ሲታገዙ፣ በበሽታው የመያዝ ዕድላቸው በ58 በመቶ ቀንሷል። 7 በመቶ ማለት ለ90 ኪሎ ሰው ስድስት ኪሎ ገደማ ነው።

ታዲያ ምን ይደረግ?

በአንድ ሚዛን፣ በደረቅና ለጥ ባለ ወለል ላይ፣ ጠዋት ከሽንት ቤት መልስ ምግብ ሳይቀምሱ ይመዘኑ። የአንድን ቀን ቁጥር ትተው የሳምንቱን አማካይ ይያዙ። ሚዛኑም ወገቡም አራት ሳምንት ሙሉ ካልተነቃነቁ ያኔ በእርግጥ ቆሟል ማለት ነው። መፍትሔው ግን ራት መከልከል አይደለም። ለአንድ ሳምንት ዘይቱን በማንኪያ ይለኩ፤ ምስርና ሽምብራ፣ በፍስክ እንቁላል ይጨምሩ፤ ጡንቻ እንዳይሄድ ክብደት ያንሡ ወይም ፑሽ አፕ ይሥሩ፤ በቂ እንቅልፍ ይተኙ። ድካም፣ ብርድ ብርድ ማለትና የሆድ ድርቀት ከተደራረቡ የታይሮይድ ምርመራ ያስፈልጋል። የስኳር መድኃኒት የሚወስዱና ነፍሰ ጡሮች ሐኪም ሳያማክሩ ምግብ መቀነስ የለባቸውም።

ሚዛኑ በቆመበት ወር ጥረትዎን አይተዉ። የቀነሱት ኪሎ ሳይመለስ መቆየቱ ራሱ ትልቅ ሥራ ነው፤ ብዙ ሰው የሚያቅተውም እሱ ነው። ነገ ጠዋት ሚዛኑ ላይ ከመውጣትዎ በፊት ሜትሩን ያንሡና ወገብዎን ይለኩ፤ ቁጥሩንም ከነቀኑ ጽፈው ያስቀምጡት።