ስሙ የጎደፈ መኪና ሲረክስ፦ ቅናሹ የማን ነው?



ዛሬ ከቡናና ከሰሊጥ ትንሽ ወጣ እንላለን። ብዙ ግን አንርቅም። ባለፈው ሳምንት የዩኒየን ሒሳብ ሠራተኛ የሆነች አንዲት እህታችን በውስጥ መስመር እንዲህ ብላ ጻፈችልኝ፦

«ታናሽ ወንድሜ ፍራንክፈርት ነው የሚኖረው። የሌሊት ፈረቃ ስለሚሠራ መኪና ሊገዛ ነው። ያገኘው የ2012 ቮልስዋገን ፓሳት፣ ናፍጣ ነው። ከእኩዮቹ ረከስ ይላል። ‹ያ የጭስ ቅሌት ያለበት ሞተር ነው› ብለውታል። ዋጋው ጥሩ ስለሆነ ይግዛ ወይስ ይተወው? ለእናታችን መድኃኒት የሚልከው ከዚሁ ካጠራቀመው ላይ ነው። እሱ ከተበላ ሁላችንም ተበላን ማለት ነው።»

እኔ የመኪና ደላላ አይደለሁም። ዋጋ ለምን እንደሚወርድና የወረደውን ማን እንደሚከፍል መከታተል ግን ሥራዬ ነው። ጥያቄዋም የመኪና ብቻ አልመሰለኝም። ስሙ የጠፋ ዕቃ ረክሶ ሲቀርብልን ሁላችንም የምንጠይቀው ነው። (ከታች ያሉት ቀኖች በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

ምን ነበር የሆነው?

ሴፕቴምበር 18 ቀን 2015 የአሜሪካ የአካባቢ ጥበቃ ኤጀንሲ ቮልስዋገን ሕግ ጥሷል ሲል ይፋ አደረገ። በናፍጣ መኪኖቹ ኮምፒውተር ውስጥ መኪናው እየተመረመረ መሆኑን የሚለይ ሶፍትዌር ተገጥሞ ነበር። የመሪውን አቀማመጥ፣ ፍጥነቱን፣ ሞተሩ የቆየበትን ጊዜ አይቶ «አሁን ምርመራ ላይ ነኝ» ሲል ጭሱን ያጣራል። መንገድ ላይ ሲወጣ ማጣሪያውን ያላላዋል። በዚያን ጊዜ የሚለቀው ናይትሮጅን ኦክሳይድ፣ ማለትም ሳንባን የሚጎዳው ጋዝ፣ አሜሪካ ከፈቀደችው መጠን እስከ 40 እጥፍ ይደርስ ነበር። በመላው ዓለም 11 ሚሊዮን ያህል መኪኖች ነበሩበት።

በእኛ ቋንቋ እንናገረው ካልን፣ ናሙና ቀጂው ከሚወስድበት ጆንያ ላይ ንጹሕ ሰሊጥ አድርጎ ከሥር ባዕድ ነገር የበዛበትን መደርደር ማለት ነው። ልዩነቱ ጆንያው ራሱ ናሙና ቀጂው ሲመጣ ማወቁ ነው።

ዋጋው እንዴት ተናደ?

የኩባንያው አክሲዮን በሁለት የግብይት ቀናት ሲሶ ያህሉን ዋጋ አጣ። ሥራ አስፈጻሚው ማርቲን ቪንተርኮርን በአምስተኛው ቀን ለቀቁ። በአሜሪካ የጨረታ ገበያ ያገለገሉት የቮልስዋገን ናፍጣ መኪኖች ዋጋ በጥቂት ሳምንታት ከ10 በመቶ በላይ ወረደ።

ማዕበሉ እኛ ወደምንከታተለው የማዕድን ገበያም ገባ። የናፍጣ መኪና ጭስ ማጣሪያ በብዛት የሚሠራው ከፕላቲነም ነው፣ የቤንዚኑ ደግሞ ከፓላዲየም። ነጋዴው «ሰው ከናፍጣ ሸሽቶ ወደ ቤንዚን ይሄዳል» ብሎ አሰበና በዚያው ሰሞን ፕላቲነም ከስድስት ዓመት በላይ ወዳልታየ ዋጋ ወረደ። ፓላዲየም ወጣ። ያን ጊዜ በወቄት 600 ዶላር አካባቢ የነበረው ፓላዲየም በ2017 ፕላቲነምን አልፎት፣ በ2020 መጀመሪያ ከ2,500 ዶላር በላይ ተሸጠ። ምክንያቱ ቅሌቱ ብቻ አይደለም፣ የልቀት ሕግ መጥበቁና የአቅርቦት እጥረቱም አለበት። ግምቱ ግን መሬት ላይ ታይቷል። ጀርመን ውስጥ በ2015 ከተሸጡት አዳዲስ መኪኖች ግማሽ ያህሉ ናፍጣ ነበሩ፣ በ2018 ግን ወደ ሲሶ ወርደዋል።

የጨው ገደል ሲናድ ሞኝ ይልሳል፣ ብልህ ያለቅሳል ይባላል። እዚህ ላይ ግን ብልሁ ከማልቀሱ በፊት አንድ ነገር ይጠይቃል፦ ለተናደው ማን ይከፍላል? መልሱ ከአገር አገር የሰማይና የምድር ያህል ተለያየ።

አሜሪካ፦ በናደው ላይ የገዛ አተረፈ

በጁን 2016 ቮልስዋገን አሜሪካ ውስጥ እስከ 14.7 ቢሊዮን ዶላር ለሚደርስ ስምምነት ተስማማ። ባለ ሁለት ሊትር ናፍጣ ሞተር ያለው ሰው መኪናውን ለኩባንያው መልሶ መሸጥ ይችላል። የሚከፈለውም በዕለቱ ገበያ ሳይሆን ቅሌቱ ከመውጣቱ በፊት በነበረው ዋጋ ነው። በዚያ ላይ ከ5,100 እስከ 10,000 ዶላር ገደማ ካሳ አለው።

አሁን ልብ በሉ። ቅሌቱ ከወጣ በኋላ ደንግጦ የሸጠ ሰው ካሳውን ከገዢው ጋር ለሁለት ተካፈለ። በወረደ ዋጋ የገዛው ደግሞ የካሳውን ግማሽ ብቻ ሳይሆን መኪናውን በድሮው ዋጋ የመመለስ መብትም አገኘ። የንደቱ ትርፍ የእሱ ሆነ ማለት ነው። በ2018 መጀመሪያ ቮልስዋገን 350,000 ያህል መኪኖችን ከ7 ቢሊዮን ዶላር በላይ አውጥቶ መልሶ ገዝቶ ነበር። በሚሺጋን የተዘጋ ስታዲየም መኪና ማቆሚያ፣ በካሊፎርኒያ በረሃ የአውሮፕላን ማረፊያ፣ በየቦታው ተደርድረው ታዩ።

ይሄን ያነበበ «እንግዲያው ቅሌት ሲሰማ መግዛት ነው» ሊል ይችላል። ቆይ። በኦክቶበር 2015 የገዛው ሰው ስምምነቱ እንደሚመጣ አላወቀም። ዘጠኝ ወር ያህል ማንም ዋስትና ያልሰጠውን አደጋ ተሸክሞ ነው የቆየው። ለተሸከመው ተከፈለው።

ጀርመን፦ በናደው ላይ የገዛ ባዶ እጁን ቀረ

መኪናው በተሠራበት አገር ግን ነገሩ ተገለበጠ። ሜይ 25 ቀን 2020 የጀርመን ፌዴራል ፍርድ ቤት አንድ ትልቅ ውሳኔ ሰጠ። በጃንዋሪ 2014 ያገለገለ ሻራን በ31,490 ዩሮ የገዛ ሰው መኪናውን መልሶ 25,600 ዩሮ ገደማ እንዲቀበል ፈረደለት። የነዳበት ኪሎ ሜትር ተሰልቶ ነው የተቀነሰው። ያገለገለ መኪና ስለገዛ መብቱ አልተነካም፤ ሲገዛ አታለውታልና።

በሁለት ወሩ፣ ጁላይ 30፣ ያው ፍርድ ቤት ሌላ ሰው ቀረበለት። ይሄኛውም ያገለገለ ናፍጣ ቮልስዋገን ነው የገዛው፣ ግን በኦገስት 2016። ምንም አላገኘም። ምክንያቱ ባጭሩ፦ ኩባንያው በሴፕቴምበር 2015 ነገሩን ለሕዝብ አሳውቋል፤ ከዚያ በኋላ ለሚገዛ ሰው የድሮው ማታለል እንደ ማታለል አይቆጠርም የሚል ነው። በዚያው ዕለት 255,000 ኪሎ ሜትር የተነዳ መኪና ይዞ የቀረበም ነበር። የተጠቀመበት ካሳውን ሙልጭ አድርጎ በልቶታል ተባለ።

ከዚያ በፊት በየካቲት ወር አካባቢ፣ በ2020፣ ለ260,000 ያህል ባለቤቶች 830 ሚሊዮን ዩሮ የተመደበበት የጋራ ስምምነት ላይ ተደርሶ ነበር። ለአንድ መኪና ከ1,350 እስከ 6,257 ዩሮ። እዚያም መስፈርቱ ቀን ነው፦ ከጃንዋሪ 1 ቀን 2016 በፊት የገዛ። በፌብሩዋሪ 2022 ደግሞ የይርጋ ጊዜ ካለፈ በኋላ ያገለገለ የገዙ ሰዎች ከአምራቹ ቀሪ ካሳ መጠየቅ እንደማይችሉ ፍርድ ቤቱ ወሰነ። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ ያገለገለ መኪና ሲሸጥ ገንዘቡ ወደ ሻጩ እንጂ ወደ ፋብሪካው አልገባም።

ስለዚህ አንድ ዓይነት መኪና፣ አንድ ዓይነት ሶፍትዌር፣ ሁለት አገር። አንዱ ጋ ካሳው ከመኪናው ጋር ሄደ። ሌላው ጋ ከተታለለው ሰው ጋር ቀረ። የረከሰ ዋጋ ትርፍ የሚሆነው ካሳው ዕቃውን ተከትሎ ሲመጣ ነው። ካልመጣ ቅናሹ ስጦታ አይደለም፣ የመከራው ደሞዝ ነው። አስቀድሞ ተከፍሎሃል፣ ከእንግዲህ አትጠይቅም ማለት ነው።

ታዲያ ወንድማችን ይግዛ?

ለእህታችን የመለስኩላት እንዲህ ብዬ ነው፦

አንደኛ፣ ካሳ የሚባለውን ከሒሳቡ አውጣው። ዛሬ ለሚገዛ ሰው ከዚህ ጉዳይ የሚመጣ ገንዘብ የለም። «ወደፊት ካሳ ታገኝበታለህ» የሚል ሻጭ ካለ ስልኩን ይዝጋ።

ሁለተኛ፣ ጥገናው ተደርጎለታል ወይ? የጀርመን መንግሥት እነዚህ መኪኖች ተጠርተው እንዲስተካከሉ በኦክቶበር 2015 አዟል። ለባለ ሁለት ሊትሩ ሶፍትዌር መቀየር ብቻ ነው። ለባለ 1.6 ሊትሩ ደግሞ አየር በሚገባበት ቱቦ ውስጥ የምትገጠም ትንሽ የፕላስቲክ ወንፊትም ተጨምራለች። ያልተጠገነ መኪና ከመንገድ እንዲወጣ ሊደረግ ይችላል፤ የተደረጉም አሉ። በሻንሲ ቁጥሩ የኩባንያውን ወኪል ጋራዥ መጠየቅ ይቻላል። የጥገናውን ወረቀት ሳያይ ቀብድ እንዳይከፍል።

ሦስተኛ፣ ከጥገናው በኋላ እንዴት ሆነ? ጭሱን መልሶ ወደ ሞተር የሚያስገባው ቫልቭ፣ በጋራዥ ቋንቋ ኢጂአር የሚሉት፣ ከሶፍትዌሩ ለውጥ በኋላ ቶሎ ቶሎ እየተደፈነ ነው ብለው ያማረሩ ባለቤቶች ነበሩ። እንግዲህ ቅናሹ 1,000 ዩሮ ነው እንበል። ቫልቩና ጥላሸት ማጣሪያው በአንድ ዓመት ውስጥ አንዴ ከተበላሹ ቅናሹ ጋራዥ ገባ ማለት ነው። ከመግዛቱ በፊት የራሱን መካኒክ ይዞ ይሂድ፣ የሻጩን አይደለም።

አራተኛ፣ የት ይነዳዋል? የዚያ ሞተር መኪኖች አብዛኞቹ በአውሮፓ ደረጃ ዩሮ 5 ናቸው። በ2018 የጀርመን የአስተዳደር ፍርድ ቤት ከተሞች ናፍጣ መኪና መከልከል እንደሚችሉ ከወሰነ በኋላ ሃምቡርግ መንገድ ዘጋች። በ2019 ለፍራንክፈርት ቅርብ በሆነችው ዳርምሽታት ሁለት ጎዳናዎች እስከ ዩሮ 5 ላሉ ናፍጣዎች ተዘግተው ነበር። ሕጉ ከከተማ ከተማ ይለያያል፣ ይለዋወጣልም። ከቤቱ እስከ ሥራው ያለውን መንገድ አስቀድሞ ያጣራ።

አምስተኛ፣ ለማን ይሸጠዋል? ዛሬ ለእሱ የረከሰበት ምክንያት ነገ እሱ ሲሸጥም አብሮት አለ። «ካልሆነ ወደ አገር ቤት እልከዋለሁ» የሚለው ሐሳብ ካለ ደግሞ ይርሳው። ኢትዮጵያ ከ2024 መጀመሪያ ጀምሮ በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች እንዳይገቡ ከልክላለች።

ለአምስቱ ጥሩ መልስ ካገኘ፣ መኪናው እስኪያረጅ ሊነዳው ካሰበ፣ ይግዛ። ቅናሹ ለእሱ እውነተኛ ቅናሽ ነው። በሁለት ዓመት ሸጬ አተርፋለሁ ካለ ግን ይተወው።

ለኛስ?

በ2008 ጃፓን ከኢትዮጵያ በገባ ቡና ላይ ከተፈቀደው በላይ የፀረ ተባይ ኬሚካል ቅሪት አገኘች። ጥርጣሬው ያረፈው ቡናው ላይ ሳይሆን የታሸገበት ጆንያ ላይ ነበር። ቢሆንም ንጹሑም ያልተነካውም አብሮ ቆመ፣ ትልቅ የሚባል ገዢያችን ገበያ ቀዘቀዘ። ስም ሲጠፋ ዋጋ ሎት ከሎት አይለይም፣ ሁሉንም ጠራርጎ ነው የሚያወርደው። ንጹሑን ከቆሻሻው የሚለየው ወረቀት ነው፦ የላቦራቶሪ ውጤት፣ የመጋዘን ደረሰኝ፣ ምርቱ ከየት እንደመጣ የሚያሳይ መዝገብ።

ስለዚህ አንድ ሎት «ተመልሶ የመጣ ነው፣ ግን ምንም አልሆነም» ተብሎ ረክሶ ሲቀርብላችሁ ያንኑ ጠይቁ። ምን ተገኘበት? ታርሟል ወይ፣ ወረቀቱስ? ውድቅ ቢሆን ወጪው በማን ነው? ከእኔ የሚገዛው ማን ነው? ውላችሁ ላይ ኃላፊነቱ የሻጩ ካልተባለ፣ በቅናሹ ተሸጦላችኋል።

የእህታችንን ጉዳይ ልጨርስ። ወንድሟ ሻጩን የጥገናውን ወረቀት ጠይቆት «ነገ እልክልሃለሁ» አለው። ይህን ስጽፍ ስድስተኛ ቀኑ ነው፣ ወረቀቱ አልመጣም። ዋጋውን ግን በ300 ዩሮ ቀንሶለታል። «ምን ይበል?» ብላ ጠየቀችኝ። መልሱን ሻጩ ራሱ ሰጥቶሻል አልኳት።

መልካም የግብይት ሳምንት ይሁንላችሁ።