የአባት ልብ ሲታመም ቤተሰብ የሚያስታውሰው

በድሬዳዋ ቤቶች የአባት ድንገተኛ የልብ ሕመም የሚታወሰው በሰዓት ቆጠራ አይደለም። «ዙህር ተሰግዶ»፣ «በርጫው ገና ሲሞቅ»፣ «ልጆቹ ከትምህርት ቤት ሳይመለሱ» ይባላል። የድንገተኛ ክፍል የመጀመሪያ ጥያቄ ግን «መቼ ጀመረው?» ነው። ልብን የሚመግበው የደም ሥር በረጋ ደም ሙሉ በሙሉ ሲደፈን ጡንቻው በግማሽ ሰዓት ገደማ ውስጥ መሞት ይጀምራል። የረጋውን ደም የሚያሟሟው መድኃኒት የሚሰጠው ሕመሙ በጀመረ በ12 ሰዓት ውስጥ ነው፤ በመጀመሪያዎቹ 3 ሰዓታት ከደረሰ ጥቅሙ በእጅጉ ይልቃል። ስለዚህ የቤተሰቡን ትውስታ ወደ ሰዓት መመንዘር የሕክምናው አንድ አካል ነው።

ብዙው ጊዜ የሚባክነው ቤት ውስጥ ነው። ደረትን የሚጨምቀው ሕመም «ጨጓራ ነው» ይባላል፤ ወደ ግራ ክንድና መንጋጋ የሚዘልቀው ደግሞ ለ«ነፋስ» ይሰጣል። ላብም በግንቦትና በሰኔ ሙቀት ማንንም አያስደነግጥም። ነገር ግን ጥላ ሥር፣ ቬንትሌተር ፊት ተቀምጦ ሸሚዙ የራሰ፣ ግንባሩ ሲዳሰስ የቀዘቀዘ ሰው ያላበው ከሙቀት አይደለም። «እጁን ስይዘው ቀዝቅዞ ነበር» የምትል ልጅ ለሐኪሙ ትልቅ ነገር ነግራዋለች። የስኳር ሕመም ያለበት አባት ደግሞ ደረቱን ጨርሶ ላያመው፣ ድካምና የትንፋሽ ማጠር ብቻ ሊታይበት ይችላል።

ከትውስታው ብዙ ጊዜ የሚጎድለው ጫት ነው። በጫት ውስጥ ያለው ካቲኖን ከአምፌታሚን ጋር የተቀራረበ ንጥረ ነገር ሲሆን የልብ ምትን ያፈጥናል፣ የደም ግፊትን ያንራል፣ የልብ ደም ሥሮችን ያኮማትራል። በየመን የተደረጉ ጥናቶች በቃሚዎች ላይ የልብ ሕመሙ በብዛት የሚጀምረው ከቀኑ 8 ሰዓት እስከ እኩለ ሌሊት፣ ማለትም በመቃሚያውና በምርቃናው ሰዓት መሆኑን አሳይተዋል። አባትን ለማክበር ተብሎ መቃሙን ከሐኪም መደበቅ አባትን ይጎዳል።

ድል ጮራም ሆነ ሳቢያን ሆስፒታል ለመድረስ ከከዚራም ከመጋላም ሰፈር በባጃጅ ሩቅ አይደለም። የተደፈነውን ሥር ስቴንት በተባለ ትንሽ ቱቦ የሚከፍቱት ማዕከላት ግን በዋናነት አዲስ አበባ ናቸው፤ በመኪና ከ400 ኪሎ ሜትር በላይ ይርቃሉ። ሪፈር ለማስጻፍ የሚባክን እያንዳንዱ ሰዓት በዚህ ርቀት ላይ ይደመራል።

አባት ከሆስፒታል ሲወጣ ሌላ ምዕራፍ ይጀምራል። የሞተው ጡንቻ ወደ ጠባሳ እስኪለወጥ ከ6 እስከ 8 ሳምንት ይፈጃል። በዚህ ጊዜ ቤቱ በጠያቂ ይሞላል፤ «እንኳን አላህ አተረፈዎት»፣ «እግዚአብሔር ማረዎት» ይባላል፤ ልጆችም አባታቸው የውሃ ብርጭቆ እንኳ እንዲያነሳ አይፈቅዱም። ከፍቅር የመጣ ቢሆንም ልማዱ መስተካከል አለበት፤ ሐኪም ከፈቀደ ፀሐይ ሳትበረታ በየቀኑ ጥቂት ጥቂት መራመድ ልብን ያበረታል። አምስት ሕሙማን ቢኖሩ አንዱ ገደማ ከባድ ድባቴ ያድርበታል፤ ዝም ያለ አባት ሁልጊዜ «እያረፈ ነው» ማለት አይደለም። አስፒሪኑ፣ ክሎፒዶግሬሉና የኮሌስትሮል መድኃኒቱ «ተሽሎኛል» ተብለው አይቋረጡም። በተለይ ስቴንት ከገባ በራስ ፈቃድ ማቆም ስቴንቱ ድንገት እንዲደፈን ሊያደርግ ይችላል። የረመዳን ጾም ከመግባቱ በፊት የኪኒኑን ሰዓት ከሐኪም ጋር ማስተካከል ይገባል።

በብዙ ቤት ለቁልቢ ገብርኤል ስለት ይገባል። የበዓሉ ቀን ታኅሣሥ 19 ሲደርስ የዳነው አባት ወደ ቁልቢ የሚወስደውን የደንገጎ አቀበት በእግር ልውጣ ይላል። ከጥቂት ወራት በፊት የታመመ ልብ ይህን ዳገት ሳይመረመር መሞከር የለበትም፤ ስለቱ በመኪና ሄዶም ይደርሳል።

አባት ከ55 ዓመቱ በፊት በዚህ ሕመም ከተያዘ የልጆቹም ስጋት ከፍ ይላል፤ ለእናት ዕድሜው 65 ነው። የእነዚህ ልጆች የደም ግፊት፣ የስኳርና የኮሌስትሮል መጠን በወጣትነታቸው መለካት አለበት፤ አባት የታመመበት ዕድሜም በልጆቹ የሕክምና ካርድ ላይ ይጻፋል።